የድመት ጾም

«ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» እንላለን። ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሰማነው ማንን እንደሚኮንን መጠየቅ ትተናል። ቆብ ደፍታ፣ መቁጠሪያ ይዛ፣ አይጥ ሽው ስትል ግን ሁሉንም ጥላ የምትዘል አስመሳይ ትታየናለች፤ እንስቃለን። እርግጥ ተረቱ የተተረተው ለሰው ነው። ወንበር አግኝቶ የጥንት እጁን ያልሰበሰበ ሹም፣ ዓለምን ናቅሁ ብሎ ገበያ ለገበያ የሚዞር መናኝ ሲገጥመን የምንጠቅሰው ነው። ሰውን ለመንቀፍ የተዋስናት ድመት ግን ከነገሩ ውስጥ እንዳለች እንኳ ትዝ አትለንም። ለመሆኑ ማን አመነኮሳት? ሥጋ መሻቷስ ዓመል ነው ወይስ ተፈጥሮ? ዓመል ከሆነ ይታረማል። ተፈጥሮ ከሆነ ግን ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን ቆቡን የደፋላት ሰው ነው።

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ደብረ ብርሃን በተከራየሁበት ግቢ የምትኖር የአንዲት ድመት ሆድ ሲበላሽ፣ ሲሻለው፣ ደግሞ ሲበላሽ ሦስት ዓመት ሙሉ እያየሁ የመጣብኝ ነው። «የድመት ሆድ ደግሞ ምን ፍልስፍና አለበት?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትንሽ ይታገሠኝ።

ድመቷ የእኔ አይደለችም። ያሳደጓት አከራዬ፣ እኔ «እትዬ» የምላቸው፣ ስድሳውን ያለፉ ባልቴት ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ «ድመት አለኝ» ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ካለው የቤተ ሰብ መሬታቸው በየዓመቱ ገብስ ይመጣላቸዋል፤ ለቆሎው፣ ለበሶው፣ ለጠላው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነው በዚያ ብርዳም ደጋ ገብስ ማለት ቤት ማለት ነው። ገብስ ካለ አይጥ አለ፤ አይጥ ካለ ድመት ትፈለጋለች። እንግዲህ ውሮ (ስሟ ይኸው ነው፤ ያገሩ ድመት ሁሉ ስም) ወደ ግቢው የገባችው በፍቅር ሳይሆን በሥራ ነው።

ሕመሟ መጀመሪያ እንዲያው የመጣ መስሎ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ቀን መቁጠር ያዝሁ። ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ትከሳለች። በሦስተኛው ሳምንት የበላችውን ሽሮ ከጓዳው በር ላይ ታስመልሳለች፤ ጸጉሯ ይንጨባረራል፤ ከምድጃው ዳር ተኮራምታ ትውላለች። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል። በግ ይታረዳል፤ ሞራው፣ አንጀቱ፣ ሳንባው ይወረወርላታል። 55 ቀን ያልቀመሰችውን በአንድ ጀምበር ታግበሰብሳለች፤ በማግሥቱ ተቅማጥ። ረቡዕና ዓርብ በማይጾምባቸው በኃምሳዎቹ ቀናት ታገግማለች፤ ደግሞ የሰኔው ጾም ይገባል፤ ከዚያ ፍልሰታ፤ ከዚያ የገና ጾም። ቤተ ክርስቲያናችን ምእመናንን ሁሉ የምታዝዘው ጾም በዓመት ወደ 180 ቀን ይደርሳል፤ አንድም ሳይቀር ልጹም ላለ ደግሞ ወደ 250። እትዬ አንድም አያስቀሩም። የውሮ ሆድ ባሕረ ሐሳብ ያውቃል ማለት ነው።

መድኃኒቱ ከየአቅጣጫው መጣ። አንዷ ጎረቤት «ቡዳ በልቷት ነው» አለች። ሌላዋ ነጭ ሽንኩርት ተወቅጦ ይሰጣት አለች። ኮሶ ያሰቡም ነበሩ፤ አያቶቻችን ጥሬ ሥጋ ወዳድ ስለነበሩ በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ ነበርና፣ ለሆድ ነገር ሁሉ ኮሶ ማሰብ የዚህ አገር ደም ውስጥ ያለ ነው። ከተማ ቀመስ የሆነው ዘመድ ደግሞ ከኪሱ የራስ ምታት ኪኒን አወጣ። ደግነቱ ድመት በግድ ማዋጥ ቀላል አይደለም፤ ቧጥጣው አመለጠች። ነገሩን ሳጣራ የሰማሁት ሰቅጣጭ ነው። ፓራሲታሞልን ሰብሮ የሚያስወግደው የጉበት መንገድ በድመት ውስጥ የለም ማለት ይቻላል፤ አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች። ሽንኩርትም፣ ቀይም ሆነ ነጭ፣ የድመትን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራል። እንግዲህ ሽሮው ውስጥ የሚቁላላው ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል።

በከተማው ያለ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ በዘንቢል ይዣት ሄድሁ። በመደርደሪያው ላይ ያለው ሁሉ የበግ፣ የላም፣ የፈረስ መድኃኒት ነው። «የመንዝ በግ አምጣልኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አክምልሃለሁ» ብሎ ሳቀ። አልቀየምሁትም። የዚህ አገር የእንስሳት ሕክምና ድመት ለማከም አልተወለደም። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም.፣ የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ አገሩን ለረሃብ የዳረገበት ሕዝብ፣ ሐኪም ሲያሠለጥን ስለ በሬ አስቦ ነው የሚያሠለጥነው። ያ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ከሰው ልጅ ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ሆነ፤ የመጀመሪያው ፈንጣጣ ነበር። በዚያ ትልቅ ጦርነት መካከል የድመት ተቅማጥ ቢረሳ አይገርምም። ሐኪሙ ግን ደግ ሰው ነው። መዘናት፣ የትል መድኃኒት እንደ ክብደቷ ቀንሶ ሰጣት፣ ከዚያ ምን እንደምትበላ ጠየቀኝ። ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠ።

ድመት ሥጋ የምትወድ እንስሳ አይደለችም፤ ያለ ሥጋ መኖር የማትችል እንስሳ ናት። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ውሻ ከእኛ ጋር ሲኖር እንጀራችንን መልመድ ችሏል፤ ድመት አልቻለችም። አንጀቷ አጭር ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ አይሠራውም፤ ከሥጋ ካላገኘችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካ ውስጥ በፋብሪካ ምግብ የሚኖሩ ድመቶች ልባቸው እየሰፋ ይሞቱ የነበረው ምግቡ ታውሪን ስላነሰው መሆኑ ተደርሶበታል። ወተትም ቢሆን፣ በየሥዕሉ ላይ ስትልሰው ብናይም፣ ካደገች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሆዷን ያላላዋል።

ከሁሉም ይልቅ ያስደነቀኝ የጉበቷ ነገር ነው። ሰው ሲጾም ጉበቱ ይጾማል። ማለቴ፣ የሥጋው ዓይነት ምግብ ሲቀር ያንን የሚያቃጥለውን ሥራ ቀንሶ ቆጥቦ ይጠብቃል። የድመት ጉበት ይህን ቁጠባ እምብዛም አያውቅም። ሥጋ ቢመጣም ባይመጣም ያቃጥላል፤ ከውጭ ካጣ የገዛ ጡንቻዋን ይበላል። ጨርሳ እህል ከተወች ደግሞ፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ልትሞት ትችላለች። እንግዲህ ድመት አትጾምም ሳይሆን መጾም አትችልም። ተረቱ «ዓመል» ያለው ይህንን ነው።

ይህን ሁሉ ለእትዬ ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝ። እትዬ ፊደል ያልቆጠሩ ቢሆኑም ነገር የሚያመልጣቸው ሴት አይደሉም። «ልጄ፣ ነነዌ ጊዜ ከብቱም ጾሞ የለም ወይ?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እውነት ነው። በዮናስ ታሪክ የነነዌ ንጉሥ ዐዋጅ ሰውን ብቻ አላዘዘም፤ ላምና በግም እንዳይቀምሱ፣ ውኃም እንዳይጠጡ አዟል። እኛም ያን ጾም በየዓመቱ ሦስት ቀን እንጾማለን። ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርሁ። በማግሥቱ «እትዬ፣ የታሪኩ መጨረሻ ላይ እግዚአብሔር ከተማዋን የማረበትን ምክንያት ሲናገር እንስሶቹንም ቆጥሯቸዋል እኮ» አልኋቸው። ማለቴ እንዲህ ነበር፦ የነነዌ ከብት ከሰው ጋር አብሮ ሊጠፋ ስለነበር አብሮ ጮኸ፤ ሦስት ቀን ነው፤ ከዚያ አብሮ ዳነ። ውሮ ግን በእኛ ጾም የምታተርፈው ነገር የለም። ጾም ጾም የሚሆነው እየቻሉ ሲተዉት ነው። ሥጋ መግዛት የሚችል ሰው ሥጋውን ሲተው ነፍሱ ታገኝበታለች፤ ምርጫ የሌለው ፍጡር ሲከለከል ግን ስሙ ጾም ሳይሆን ረሃብ ነው። ቤተ ክርስቲያንስ ሕፃኑንና ሕመምተኛውን የማታስገድደው ለምን ሆነና?

እትዬ አሁንም አልተረቱም። ሁለተኛው ክርክራቸው ከመጀመሪያው ይከብዳል። «ከወለጋ የተፈናቀለ ሰው በየመጠለያው ተኝቶ፣ ልጆች በየበራችን ቁራሽ እየለመኑ፣ ለድመት ሥጋ ግዛ ትለኛለህ?» አሉ። ደብረ ብርሃን ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ሺህ ተፈናቃይ የተጠለለባት ከተማ ናት፤ ነገሩ የንግግር ማሳመሪያ አልነበረም። እትዬ ራሳቸው በየሳምንቱ ቆሎና ዳቦ ይዘው መጠለያው ድረስ ይሄዳሉ።

በዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። በቤቱ ውስጥ አንድ እንቁላል ቢኖር፣ የራበው ልጅም በር ላይ ቢቆም፣ እንቁላሉ የልጁ ነው። ይህን ማንም አያከራክረኝም። ነገር ግን ለድመቷ ያልተገዛው እንቁላል ሁልጊዜ ወደ መጠለያው አይሄድም። ብዙውን ጊዜ ስኳር ይሆናል፤ የስልክ ካርድ ይሆናል። ከዚህም በላይ ምጽዋትና ዕዳ አንድ አይደሉም። ለዘበኛው ደመወዝ የከለከለ ሰው «ለነዳያን ሰጠሁት» ቢል ነዳያኑ ቢመርቁትም ዘበኛው ይከስሰዋል። እኔ ውሮን የማያት እንደ ዘበኛ ነው።

ውሉ ደግሞ የቆየ ነው። ድመት ወደ ሰው የተጠጋችው በመካከለኛው ምሥራቅ ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምር፣ እህሉን ተከትሎ አይጥ ሲመጣ ነው። ቆጵሮስ ውስጥ ከ9,500 ዓመት ገደማ በፊት ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘግቧል። ስለዚህ ከፈርዖኖቹም በፊት ተስማምተናል፦ አንቺ አይጡን፣ እኛ መጠለያውን። ስምምነቱ ማንንም አላስራበም፤ ደመወዙ አይጡ ራሱ ነበርና። ባላገር ለድመቱ እምብዛም ምግብ የማይሰጠው ለዚህ ነው፤ ጨካኝ ስለሆነ አይደለም።

ታዲያ በእትዬ ግቢ ምን ተለወጠ? ጎታው ቀርቶ ገብሱ የብረት በርሜል ውስጥ ገባ። የጭቃው ወለል ሊሾ ሆነ። ጎረቤቱ ሁሉ ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝቶ በየጥጉ ይበትናል፤ ተመርዞ የሚንገዳገደውን አይጥ የበላች ድመት አብራ ትሞታለችና እትዬ ውሮን ማታ ማታ ይዘጉባታል። ሁሉም ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ከውሮ ደመወዝ የተቆረጠ ነው። አይጧን ወሰድንባት፣ በሩን ዘጋንባት፣ ከዚያ ጾማችንን አካፈልናት። ሆዷ ያልተበላሸ የማን ሆድ ይበላሽ?

ከአንኮበር ቁልቁል፣ የአርጎባ ነጋዴዎች መንደር ወደሆነችው ወደ ጥንታዊቷ ገበያ ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ፣ ሕዝቡ በብዛት ሙስሊም ነው። እዚያ ስለ ድመት ማንም ሰው የሚያውቀው አንድ ሐዲስ አለ። ድመት የዘጋችባት ሴት በዚያ ምክንያት ለእሳት ተዳረገች ይላል፤ አላበላቻትም፣ ወጥታ ከምድር ተንቀሳቃሽ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። በፈረንጅ አገር የእንስሳ ጉዳይ ሲነሣ የእንግሊዙን የቤንታምን ስም ይጠራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1789 ዋናው ጥያቄ እንስሳ ያስባል ወይ ሳይሆን ይሠቃያል ወይ ነው ያለውን። መልካም ብሏል። ግን መሠቃየቷን ማወቅ ዕዳው የማን እንደሆነ አይነግረኝም፤ የዓለም ድመት ሁሉ ሲሠቃይ እኔ ምን ላድርግ? ሐዲሱ ግን ጠያቂውን ለይቶ ይይዘዋል። የዘጋኸው አንተ ነህን? እንግዲያው ወይ አብላ፣ ወይ ልቀቅ።

ልቀቁ የሚል ወገን ባለፈው ሁዳዴ ተነሥቶ ነበር። የእትዬ ልጅ የመጀመሪያዋን ልትወልድ ከአዲስ አበባ ወደ እናቷ ቤት መጣች። የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው «የድመት ዓይነ ምድር ለእርጉዝ መርዝ ነው፤ ደግሞ የታመመች!» አሉ። ጆንያ ተዘጋጀ። እንደ ልማዱ በሬሳ ወንዝን አሻግሮ መጣል ነው። መልቀቅ ይሉታል፤ ከቤት ያደገች፣ ሆዷ የታመመ ድመት ለብርድ፣ ለውሻና ለጅብ መስጠት ግን መልቀቅ አይደለም።

ፍርሃታቸው መሠረት የለሽ እንዳልነበረ መናገር አለብኝ። ቶክሶፕላዝማ የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተውሳክ በድመት ዓይነ ምድር ይወጣል፤ እርጉዝ ሴት በእርግዝናዋ ጊዜ መጀመሪያ ከተያዘችበት ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ነገር ግን ከወጣ በኋላ ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ዐመዱ በየቀኑ፣ ከእርጉዟ ሌላ በሆነ ሰው ከተጠረገና እጅ ከታጠበ አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ሁለተኛውን መንገድ ስናገር ሴቶቹ ተያዩ፤ ተውሳኩ በደንብ ባልበሰለ ሥጋም ይተላለፋል። ፋሲካ ሲደርስ ለእርጉዟ ክትፎ ሊሠሩላት ያሰቡት እነሱው ነበሩ! ልጅቱ ራሷ «እንግዲያው ክትፎውንም በጆንያው አብራችሁ ጣሉት» ብላ አሳቀችን። ጆንያው ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ዐመዱን መጥረግ የእኔ ድርሻ ሆነ።

የምግቡ ነገር የተፈታው በገበያ ዋጋ ነው። በሁዳዴ ሉካንዳው ይዘጋል፤ እንቁላል ግን ገዥ ስለማያገኝ ይረክሳል። ሐኪሙም የተቀቀለ እንቁላል ለሆዷ እንደሚስማማ፣ ለዘለቄታው ሥጋ ባይተካም ሽሮውን ግን እንደሚያስንቅ ነግሮኛል። ገንዘቡ የእኔ፣ ፈቃዱ የእትዬ መሆን ነበረበት፤ ቤቱ የጾም ቤት ነውና። ሁለት ቀን አሰቡበት። ከንስሐ አባታቸው ጋር ሳይነጋገሩ አልቀሩም። በሦስተኛው ቀን ከጓሮ አንድ የቆየ የቲማቲም ጣሳ አመጡ። «በጾም ዕቃዬ አታስነካብኝ። በዚህ፣ ከውጭ፣ በከሰል» አሉኝ። ሳምንት ሳይሞላ መቀቀሉን ራሳቸው ወሰዱት። ከቅዳሴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ፣ እሳቸው ውኃ ሳይቀምሱ፣ የውሮ ጣሳ መጀመሪያ ይጣዳል። ይህን ሴትዮ ስለ ጾም ምንም ላስተምራቸው እንደማልችል ያወቅሁት ያኔ ነው።

ተቅማጡ ጠፋ ብል ደስ ባለኝ። ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ምናልባት ሦስት ዓመት የተጎሳቆለ አንጀት ነው፣ ምናልባት ሌላ በሽታ አለ፤ ለዚያ የሚሆን ምርመራ ደብረ ብርሃን ላይ አላገኘሁም። እየዳነ ለሚመለስ ሕመም ማስታመም ከአንድ ጊዜ ሕክምና ይከብዳል። የአንድ ቀን ደግነት ሁሉም ሰው አለው፤ በአርባኛው ቀን ያንኑ ትውከት ሲጠርጉ ግን እጅ ይታክታል፣ «ይህችስ ብትሞት ይሻላት ነበር» የሚል ቃል ከአፍ ይወጣል። ይህን ቃል እጠረጥረዋለሁ። የሚሻለው ለእሷ ነው ወይስ ለጠራጊው? አንድ ቀን ለእሷ የሚሆንበት ጊዜ ይመጣ ይሆናል። እስካሁን ግን ደህና በሆነችበት ሳምንት አጥር ላይ ወጥታ ፀሐይ ስትሞቅ፣ ድንቢጥ ስትሸምቅ አያታለሁ፤ መኖር የጠላ ፍጡር አትመስለኝም።

በፋሲካ ማግሥት እንደገና ታመመች። ለበዓል የመጡ የዘመድ ልጆች እትዬ ሳያዩ ሞራውን ሙሉ ሰጥተዋታል። ጠዋት ከጓዳው በር ላይ ስጠርግ እትዬ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ሆዳቸውን በእጃቸው ደግፈው ብቅ አሉ። ከ55 ቀን በኋላ የተበላው ዶሮ ወጥ እሳቸውንም አላስተኛቸውም።

«ሌሊቱን ሙሉ ሲቆርጠኝ ነው ያደረው። አብሹን ለሁለታችንም በጥብጥልን» አሉኝ።

ለእሳቸው አብሹን በጠበጥሁ፤ ለውሮ ጣሳዋን ጣድሁ።